በሸክላው ላይ የተፋቀው ቦታ

ሎቪ ታርፕሊ ከሞተች ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል፤ በደቡቡ የጥቁሮች ሰፈር በካሊስ ግን ስለ ዘፈኖቿ የሚደረገው ክርክር ገና አላበቃም። ፀጉር አስተካካዩ «የሐሙስ ባቡር»ን የሚያህል የለም ባይ ነው። እማማ ኦሬሊያ፣ የመጥምቃውያኑ ቤተ ክርስቲያን የእናቶች ሰብሳቢ፣ ብሉዝ የሰይጣን ዘፈን ነው ይላሉ፤ «ሐኪሙ ፊቱን አዞረ»ን ግን ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በቃላቸው ይወጡታል። ከየት ተማሩት ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ምርኩዛቸውን ሁሉም ያውቃታል።

በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሎቪ ካስቀረጸቻቸው አሥራ ሁለት ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠው «መብራቱን አታጥፊው» ነው። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ኦዜላ አጠገባቸው ካለች ደግሞ ቶሎ ብለው ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ጥጡ ያወራሉ።

ኦዜላ የሎቪ ልጅ ናት። እናቷ ከድንኳን ትርኢት ጋር ስትዞር ሜምፊስ ላይ በሳንባ ምች ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገቻት አክስቷ ቨርኔል ናት። የእናቷ ፊት ትዝ አይላትም። ፎቶግራፍም አልቀረም። የቀረው አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ በአንድ ወገኑ ማንም የማይወደው የገና ዘፈን አለ፣ በሌላው «መብራቱን አታጥፊው»። የገናው ወገን ዛሬም እንደ አዲስ ያበራል። ሌላው ወገን ከመደጋገሙ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ ድምፁም ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ይመስላል።

መሃሉ ላይ፣ ዘፋኟ ዝም ብላ ፒያኖው ብቻውን በሚሄድበት ቦታ፣ ሸክላው ተፍቋል። ይህ የእርጅና አይደለም። አንድ ሰው የፀጉር መርፌ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሆን ብሎ የፋቀው ነው። የግራሞፎኑ መርፌ እዚያ ሲደርስ እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣና ያልፋል። ያን ጊዜ በክፍሉ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ኦዜላ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚህ ቦታ ላይ የምታየው የአናታቸውን ሽበት ነው።

«እዚህ ጋ ምን ብላ ነው፣ አክስቴ?» ብላ ጠይቃ ታውቃለች።

«ለአንቺ ጆሮ የማይሆን ነገር ነው። ተይው።»

ኦዜላም ተወችው፤ ግን ነገሩ እሷን አልተዋትም። ለልጅ ጆሮ የማይሆን ነገር ምን ሊሆን ይችላል? ሰክራ ሰድባት ይሆናል። ልጅ የለኝም ብላ ይሆናል። እናቴ አልፈለገችኝም የሚለው ሐሳብ እንዲህ ሆኖ ውስጧ ገባና እዚያው አረጀ።

ቤታቸውም እንደ ሰው ቤት አልነበረም። ሊመሽ ሲል ተወዛዋዡ ወንበር ማንም ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። ከጓሮው በር ጀርባ አንዲት ሴት በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፤ በሩን ሲከፍቱት ረግረጉና እንቁራሪቶቹ ብቻ ናቸው። ቨርኔል የጓሮውን መስኮት መብራት አንድም ቀን አጥፍታ አታውቅም። ኦዜላን ደግሞ በአለንጋ ያስተማረቻት አንድ ትምህርት ነበር፤ ስምሽ ሲጠራ የጠሪውን ፊት ሳታዪ አቤት አትበዪ። ሙታን ስም ጠርተው ነው ሰው የሚወስዱት፤ ይህን በካሊስ የማያውቅ የለም። የቨርኔል ግን በዛ። ኦዜላ በምታበስልበት ትምህርት ቤት ሠራተኞቹ «ኦዜላን ሦስቴ ጠርተህ፣ ሄደህ ፊቷ ካልቆምክ ምሳም አታገኝ» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሳታይ አቤት ግን አትልም።

በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ በመጋቢት፣ ቨርኔል ሞተች። ቀብሩ በዓርብ ሆነ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መቃብሯን ሊያለብሱ ተሰበሰቡ። የሟች የመጨረሻ ዕቃዎች ተሰብረው ነው መቃብር ላይ የሚቀመጡት። ሳይሰበሩ ከቀሩ ሟቹ አይለቅም፤ ዕቃውን ፍለጋ ይመላለሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዲያቆን ሴፈስ በቨርኔል በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የተጠበሰ ዶሮ የቀባውን እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ የቨርኔልን የቡና ስኒ በመዶሻ ከፈሉት። መነጽሯን ሰበሩ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አሁን ሸክላውን አምጪው፣ ልጄ።»

«የአክስቴ አይደለም እኮ።»

«የእናትሽ ነው። ሎቪ የሞተች ዕለት መሰበር ነበረበት። ቨርኔል የእህቴን ድምፅ አልሰብርም ብላ አሻፈረኝ አለች። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት፣ እናትሽ ጓሮ ለጓሮ ስትንከራተት።»

እማማ ኦሬሊያ «እውነቱን ነው። ትረፍ፣ ምስኪን!» አሉ።

ኦዜላ ሸክላውን ከነልባሱ አመጣችውና ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ያውቃሉ። የተፋቀው ቦታ ላይ ምን ብላለች?»

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«ሌላ ምን አለኝና ነው የምጠይቅዎት?»

ሽማግሌው መዶሻውን አገላበጡ። ቨርኔል በሎቪ መቃብር ላይ ሁሉንም በመጽሐፍ ቅዱስ አስምላቸዋለች፤ መሐላ ደግሞ ያስማለችው ስለሞተች አይሞትም ብለው ነው የሚያስቡት። ኦዜላ ይህን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው መዶሻው ከወረደ የእናቷ የመጨረሻ ነገር ለዘላለም እንደሚጠፋ ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል አቧራ የለበሰ መኪና መጥቶ ከአጥሩ ጋ ቆመ። የወረደው ቀጭን ነጭ ልጅ ነው፤ መነጽር አድርጓል፣ ከባድ ሻንጣ ተሸክሟል።

«ታርጋው የሰሜን ነው» አሉ ዲያቆን ሴፈስ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «እንዲህ ዓይነቱ መጥቶ ይሄዳል፤ ጣጣው እኛ ላይ ይቀራል።»

ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ላይል እንደሚባልና ከቺካጎ እንደመጣ ነገራቸው። «የሎቪ ታርፕሊን ዘመዶች እየፈለግኩ ነው» አለ። «እባካችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ለምንድን ነው የፈለግሃት?» አሉ እማማ ኦሬሊያ። «ሞታለች።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ሸክላዎቿን የምንሰበስብ ሰዎች አለን፤ ቺካጎም፣ ኒው ዮርክም፣ ለንደን ድረስ። በየደብዳቤው ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው፤ ግማሹ «የሐሙስ ባቡር» ይላል፣ ግማሹ…»

«ፀጉር አስተካካዩ ይኑር!» አሉ ዲያቆን ሴፈስ ሳያስቡት።

ልጁ ነገሩ ባይገባውም ፈገግ አለ። «እኔ የምወደው ግን «መብራቱን አታጥፊው»ን ነው። ዓምና አንድ የቤት ዕቃ መደብር ምድር ቤት ውስጥ፣ መርፌ ነክቶት የማያውቅ ሸክላውን አገኘን። በቴፕ ቀድቼው ይዤዋለሁ። ፒያኖው ጋ ስትደርስ አንድ ሰው በስም ትጠራለች። አንዱ ጓደኛዋ ናት ይላል፣ ሌላው ጣውንቷ ናት ይላል፤ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።» ከዚያ ሁሉንም እያየ ጠየቀ፣ «ኦዜላ የምትባለው ማን ናት?»

መዶሻው ከዲያቆን ሴፈስ ጉልበት ላይ ወደቀ። እማማ ኦሬሊያ «ኢየሱስ ሆይ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኦዜላ ሸክላውን እንዳቀፈች ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች።

«ስሜን ጠርታለች?» አለች። ድምፅዋ የሕፃን ሆነ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሊደብቁ አልቻሉም። «አዎ፣ ልጄ። ሸክላው መጀመሪያ ሲመጣ ደስታሽ! ጠራችኝ ብለሽ ክፍሉን ሙሉ ትሮጪ ነበር፤ ሁላችንም የምንሰበሰበው እሱን ለማየት ነው። ከሞተች በኋላ ግን… አንድ ቀን ሸክላው ሲዘፍን «አቤት፣ እማ» ብለሽ ተነሥተሽ ወጣሽ። እኔ ነኝ ከረግረጉ ያወጣሁሽ። ውሃው እስከ አገጭሽ ደርሶ ነበር፤ አላለቀስሽም፣ እየሳቅሽ ነበር። ቨርኔል ልስበረው አለች፣ አቃታት፤ ድምፅዋን ትታ ስምሽን ብቻ በፀጉር መርፌዋ ፋቀችው። ሙት እንዳትጠራሽ ነው። አክስትሽን አትውቀሻት።»

ኦዜላ መውቀስም አለመውቀስም አልመጣላትም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተጠላች ልጅ ሆና ነው የኖረችው፤ ያ ሁሉ አሁን ምን ይሁን? «አሰማኝ» አለችው ላይልን።

«ተይ፣ ኦዜላ!» አሉ እማማ ኦሬሊያ። «አንቺን ብላ ነው ስትመላለስ የኖረችው። ይቅርብሽ!»

«አሰማኝ፣ ልጄ።»

ላይል ሻንጣውን ከፈተና ቴፑን አስነሣ። ድምፁ እንደለመዱት ከግድግዳ ጀርባ አልመጣም፤ እዚያው በረንዳ ላይ፣ በመካከላቸው፣ ትንፋሿ ሳይቀር የሚሰማ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ቆማ ዘፈነች።

«መንገዱ ረዘመ፣ እግሬም ዛለ፣
መንገዱ ረዘመ፣ እግሬም ዛለ፣
መብራቱን አታጥፊው፣ በር ላይ ሰው አለ።»

ፒያኖው ብቻውን ቀጠለ። ቤት ውስጥ ወንበሩ ወለሉን ሲያንቋቋ ሁሉም ሰሙት፤ ዞሮ ያየ ግን አልነበረም። ዲያቆን ሴፈስ የኦዜላን ትከሻ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

«አትመልሺ» አሉ በጆሮዋ። «እለምንሻለሁ፣ ዝም በዪ።»

«ኦዜላ?» አለች ሴትዮዋ። መዝፈኗ አልነበረም፤ እናት ከሥራ አምሽታ ስትገባ በር ላይ ቆማ እንደምትጠራው ነበር የጠራችው። «ኦዜላ፣ ተኛሽ ወይ?»

ከዚያ ዝም አለች። ፒያኖ ተጫዋቹም ጣቱን አነሣ። ለመልስ የሚሆን ቦታ ትታ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ካሊስ ውስጥ ግራሞፎን ፊት ቆማ መልስ እንድትሰጥ።

ኦዜላ የጠሪዋን ፊት አላየችም። በእንባ በተሸፈነ ዓይኗ ወደ ረግረጉ የሚወስደውን የጓሮውን መንገድ አየች፤ ትከሻዋንም ከሽማግሌው እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«አቤት፣ እማ» አለች። «አልተኛሁም።»