ስቲከር ያልተለጠፈበት ማሽን

ስካነሩ ጮኸ እንጂ አረንጓዴ አላበራም። ቀይ አበራና «ይህ ዕቃ በላይኛው ግምጃ ቤት ተመዝግቧል» አለ። የላይኛው ግምጃ ቤት ኃላፊ ደግሞ እሷው ናት፤ አሁን የቆመችው ግን ከሆስፒታሉ ግቢ ማዶ፣ ታላቅ ወንድሟ በሚመራው በታችኛው ግምጃ ቤት፣ አንድ የኦክስጅን ማሽን ፊት ነው። በደንቡ ቆጠራ ሲደርስ የአንዱን ግምጃ ቤት የሌላው ኃላፊ ይቆጥራል።

እስከ ዓምና ቆጠራ በጅምላ ነበር፤ ይህን ያህል ማሽን፣ ይህን ያህል አልጋ፣ አበቃ። ዘንድሮ ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መለያ ቁጥር ወጣለት፤ ጠዋትም በላይኛው ግምጃ ቤት ዕቃ ላይ ቁጥሩን የያዘ ስቲከር ስትለጥፍ አረፈደች። ነገሩ እንደ ጨዋታ ይዟታል፤ የምሳ ዕቃዋን ሳይቀር ስካነሩ ላይ አሳይታ ምን እንደሚል ማየት አምሯት ነበር። አሁንም ከመደንገጧ በፊት ደስ አላት። ይሄ ስካነር ለካ ያስታውሳል!

ማሽኑን አገላብጣ አየችው፤ የራሷ ግምጃ ቤት ማሽን ነው። በምሳ ሰዓት ወንድሟ ለድንገተኛ ታካሚ ብሎ አስወስዶታል። ስታስበው፣ ወንድሟ ጋ ድንገተኛ ታካሚ የሚመጣው ሁልጊዜ ቆጠራ ሲደርስ ነው፤ ቆጠራው ሲያልቅ ማሽኑ ይመለሳል።

ወንድሟ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። አለቃ ፊት እንኳ ተረብ የማያጣው ሰው አሁን መነጽሩን ብቻ ይጠርጋል። ታዲያ የጎደለው የራሱ ማሽን የት ገባ? ተሰርቆ ነው? ተበላሽቶ ነው? ተሽጦ ነው? ለጠየቀችው ሁሉ አይደለም አላት።

«ማታ ማታ አጠገቡ ትቀመጪ የለም?»

ማታ ማታ የምትቀመጠው እናታቸው አልጋ አጠገብ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እዚያ ያለውን የኦክስጅን ማሽን ድምፅ ስንት ምሽት ስትሰማ ማሽኑ ከየት መጣ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም። እንዲያውም ወንድሜ ገዛላት እያለች ጎረቤት ላይ ስትኩራራ ኖራለች። እስኪሻላት ብዬ ነበር የወሰድኩት አላት ወንድሟ፤ አልተሻላትም።

«ወንድምጋሼ፣ እዚህስ በማሽን እጦት የተጎዳ ታካሚ የለም?»

«አላውቅም። መጠየቅ ፈርቼ ነው።»

ጎደለ ብትል ወንድሟ ይታሰራል፤ እናታቸው ቤት ተገኘ ብትል ማሽኑ ይነሣል፣ እናቷ ያለ እሱ አታድርም። ዝም ብትል ደግሞ ያ መልሱን የማታውቀው ጥያቄ አለ። ስካነሩንና ለጎደለው ማሽን የወጣውን ስቲከር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

ማሽኑ እንደ ወትሮው እያንኮራፋ ነበር። ቱቦው የእናቷ አፍንጫ ሥር ተሰክቷል። ጎንበስ ብላ ስቲከሩን ለጠፈች፣ ስካነሩን አስጠጋች። አረንጓዴ አበራ። ከሥሩ ስክሪኑ ላይ «ያለበት ቦታ» የሚል ባዶ ሳጥን መጣ።

እናቷ ዐይኗን ገለጥ አድርጋ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ማሽኑ የት እንዳለ እየጠየቀኝ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ንገሪው እንጂ፣ ልጄ» አለች እናቷ፣ ትንፋሿን አሰባስባ፤ «እናቴ ዘንድ ነው በይው።»

እንዳለቻት ጻፈች። «ላክ» የሚለውን ግን ገና አልነካችም።