አሥራ አራት ቀን ለአንድ ትራስ

የመኝታ ዕቃ በኦንላይን የሚሸጠው ድርጅት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ነበረው። አንደኛው መጋዘን ነው፤ ትራስና ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ተደርድሮበታል። ሁለተኛው ባለቤቱ የሚቀመጥበት ነው። በሦስተኛው፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ በሚከፈተው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አንሶላ፣ ስለ ፍራሽና ስለ ትራስ ስትጽፍ የኖረች ሴት ነበረች። ዕቃው ሲመጣ ትዳስሰዋለች፣ ወደ ቤቷ ወስዳ ሁለት ቀን ትተኛበታለች፣ ከዚያ ያየችውን ትጽፋለች። አንድ ጊዜ «ለስላሳ ነው፤ አንገቱን ለሚያመው ሰው ግን አይሆንም» ብላ በመጻፏ ባለቤቱ ለሳምንት አኩርፏታል። ጽሑፉን ግን አላስነሳም፣ ምክንያቱም አንብቦት የማያውቅ ሰው ነው፤ የነገረችው ሚስቱ ናት።

ነገሩ የጀመረው የባለቤቱ ሚስት ወንድም ከሁለት ሳምንት ሥልጠና የተመለሰ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ይህ ሰው በድርጅቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይሽከረከራል፣ ከምሳ በኋላ ዓይኑ አይታይም። ከሥልጠናው ሲመለስ ግን ነጭ ሰሌዳ አስገዝቶ፣ አራት ቀለም ብዕር ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ በየዐረፍተ ነገሩ «ዳታ» እያለ ገባ። የመጋዘን ሠራተኞቹ በዚያው ቀን ሳይንቲስቱ አሉት። እሱም ቅጽል ስሙን ሲሰማ እንደ ሹመት ተቀበለው።

ሳይንቲስቱ ለእህቱ ባል ያስረዳው ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ አልነበረም። ለአንድ ዕቃ ሁለት ገጽ ይዘጋጃል። ወደ ሱቁ ከሚገቡት ሰዎች ግማሾቹ አንዱን፣ ግማሾቹ ሌላውን ያያሉ፤ ማን የትኛውን እንደሚያይ ኮምፒዩተሩ በዕጣ ይደለድላል። ብዙ የተሸጠበት ገጽ ያሸንፋል። ባለቤቱ እስከዚህ ድረስ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ የራሱን ጨመረበት፤ የሰው ሐሳብ ሰምቶ የራሱን ሳይጨምርበት የማያድር ሰው ነው። ጸሐፊዋን አስጠራና ለአዲሱ ትራስ እሷ አንድ ገጽ፣ አማቹ ሌላ ገጽ እንደሚጽፉ፣ የተሸነፈው ከጽሑፍ ሥራው እንደሚሰናበት ነገራት። ድርጅቱ ሁለት ጸሐፊ መያዝ አይችልም አላት። ሁለተኛው ከመቼ ጀምሮ ጸሐፊ እንደሆነ መጠየቅ አማራት፤ ዋጥ አደረገችው። ባሏ ከሥራ ከወጣ ዓመት አልፎታል፣ ቤታቸው የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው። ፈራች።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይለማመጥ ነበር ወይ ያኮርፍ ነበር። እሷ ግን አንድ ሥራ ሲሰጣት በወጉ ካልሠራችው የማይዋጥላት ዓይነት ናት። ሁለት ቀን ተቀምጣ እንዲህ ያለ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ ስታነብ ቆየችና ሕጉን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ መጣች። በሁለቱ ገጾች መካከል የሚለያየው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሙከራው አሥራ አራት ቀን ይቆይ። እስከዚያ ውጤቱን ማንም አይክፈት፣ የቤት ሰው አይግዛ። ሳይንቲስቱ ይህ ሁሉ ሥልጠናው ላይ እንደተነገረ አመነ፤ በዚያ ሰዓት ግን ሻይ ለመጠጣት ወጥቶ ነበር።

የእሱ ገጽ ሲታይ እውነትም ሻይ ላይ እንደነበር ያስታውቅ ነበር። ከላይ «በሦስት ደቂቃ እንቅልፍ!» ይላል። ሥሩ ተኝታ የምትስቅ ሴት አለች፤ ተኝቶ የሚስቅ ሰው የት እንዳየ እግዜር ይወቀው። «ግዛ» የሚለው ቁልፍ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ከጎኑ አራት ትራስ ብቻ እንደቀረ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ትራሱ በር አላስዘጋ ብሏል።

«ሥዕሉም፣ ቁልፉም፣ ጽሑፉም ከተለወጠ፣ የትኛው እንዳሸነፈ በምን ታውቃለህ?» አለችው።

«እኔ ካሸነፍኩ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» አላት። ባለቤቱ ይህን መልስ በጣም ወደደው።

እንደ ምንም አግባባቻቸው። ሥዕሉና ቁልፉ የድሮው ሆኖ፣ ጽሑፉ ብቻ እንዲለያይ ተስማሙ። የተስማሙትም በእሷ ክርክር አይደለም፤ የድሮውን ሥዕል የመረጠችው የባለቤቱ ሚስት ስለነበረች እሱን የሚያነሳ ደፋር አልተገኘም።

ሙከራው በተጀመረ በመጀመሪያው ጠዋት ባለቤቱ ስልኩን ከፈተ፣ የጸሐፊዋን ገጽ አየ። የአማቹን ለማየት ዘግቶ ከፈተ፤ አሁንም የእሷ ነው። አንድ ጊዜ አንዱን ገጽ ያየ ሰው ሁልጊዜ ያንኑ እንደሚያይ ብትነግረውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሹፌሩ ስልክ ሞከረ፣ በሒሳብ ሠራተኛዋ ሞከረ፣ በመጨረሻ መጋዘን ገብቶ የሁሉንም ስልክ ሰበሰበ። እኩለ ቀን ላይ በሕንፃው ውስጥ ያንን ትራስ ያላየ ስልክ አልቀረም። ኮምፒዩተሩ ለእሷ ያደላል ብሎም ጠረጠረ። የሠራተኛውን ስልክ ሁሉ ከቆጠራው አስወጥታ፣ ለእሱ ሁለቱንም ገጽ በወረቀት አትማ ስትሰጠው ነው ልቡ ያረፈው።

ሳይንቲስቱ ደግሞ ውጤቱን በየሰዓቱ ይከፍት ነበር። በሦስተኛው ቀን የእሱ ዘጠኝ፣ የእሷ ሰባት ትራስ ሆነ። ይህንን በቀይ ብዕር ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ ኬክ አስመጣ። ሠራተኛው ተሰብስቦ በላ። እሷም በላች፤ ምን ታድርግ? ከዚያ ኬኩን እንደያዘች አሥራ አንድ ቀን እንደሚቀር ለባለቤቱ አስታወሰችው። ባለቤቱ ቃሉን የማያጥፍ ሰው እየተባለ መጠራት ስለሚወድ አፉ እንደሞላ ተስማማ።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሳይንቲስቱ ገጽ ድንገት አሥራ አንድ ትራስ ሸጠ። በማግስቱ ዕቃ አድራሹ ወገቡን ይዞ እያማረረ ገባ። አሥራ አንዱም የሄደው ወደ አንድ ቤት ነው፣ ያውም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። የተረከቡት ሴትዮ ውሃ ሰጥተውት፣ የልጃቸው ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት። የባለቤቱ አማት ነበሩ፤ ልጃቸው የራሱን ገጽ ብቻ የሚያሳየውን አድራሻ ልኮላቸዋል።

ጸሐፊዋ አንጀቷ አረረ። የአለቃን አማት በማጭበርበር መክሰስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ዝም ብትል ሥራዋ በአሥራ አንድ ትራስ ሊሄድ ነው። ገብታ ነገረችው። ባለቤቱ መጀመሪያ ተነስቶ በሩን ዘጋ። በዚህ ዓለም ላይ አማቱን የሚያህል የሚፈራው አልነበረም። አሥራ አንዱ ከቆጠራው እንዲወጣ ፈረደ፣ ጉዳዩ ግን ከሴትዮዋ ጆሮ እንዳይደርስ አስጠነቀቃት። ሳይንቲስቱ ሲጠየቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እናቱ አንገታቸውን ያማቸዋል አለ።

አሥራ አራተኛው ቀን ደረሰ። የእሷ ስልሳ አንድ፣ የእሱ ሠላሳ ስምንት። ከእሱ ሠላሳ ስምንት ውስጥም አሥራ አራቱ ተመልሰዋል። አንድ ደንበኛ ሰዓቱን ይዞ እንደተኛ፣ ሦስት ደቂቃው ሲያልፍ መብራት አብርቶ እንደጠበቀ፣ እስኪነጋም እንቅልፉ እንዳልመጣለት ጽፏል። የእሷ ገጽ ያችኑ «አንገቱን ለሚያመው አይሆንም» የምትለውን ዐረፍተ ነገር ይዞ ነበር፤ ሰው እንኳን ሊሸሽ ይበልጥ አመናት። ደስ አላት። ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው፤ እሱም ስድስት ዓመት ሙሉ ልክ እንደነበረች ነገራት። እንዲህ ያለ ነገር ከማንም ሰምታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ባለቤቱ አስጠራት። ሳይንቲስቱ ከጎኑ ተቀምጧል፤ የተሸነፈ ሰው ፊት አይታይበትም። ባለቤቱ እንኳን ደስ አለሽ አላት። አማቹ በቃላቸው መሠረት ከጽሑፍ መሰናበቱን፣ ከዛሬ ጀምሮ የሙከራ ክፍል ኃላፊ መሆኑን አበሰራት። ከዚያ ያሸነፈ ገጽ ያሸነፈ ስለሆነ ሌላ ነገር እንደማያስፈልገው፣ የእሷም ቃላት ወደ ሌሎቹ ዕቃዎች እንደሚገለበጡ አስረዳት። ሳይንቲስቱ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገላት። በሚያምር ጽሕፈት፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ የሚቀጥለው ሙከራ ተዘርዝሯል። ዋጋው አይነካም፣ ሥዕሉ አይነካም፣ ገጾቹ አይነኩም። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱቁ አሥራ አራት ቀን ያለ ጸሐፊ ይሠራል።

«ጋሼ፣ አሸንፌ የለ እንዴ?» አለች።

«አሸንፈሻል እንጂ» አላት ባለቤቱ ከልቡ። «ይህን ሁሉ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?»

አሥራ አራቱን ቀን ያለ ደሞዝ ቤቷ ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ባሏ እያያት ስልኳን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሳይንቲስቱ ደወለ። ድምፁ ትሁት ነበር። ሽያጩ ከበፊቱ ምንም ልዩነት አላሳየም አላት።

አላመነችውም። ውጤቱን ቀድሞ የከፈተ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ የለም። እናትህስ አልገዙም ወይ አለችው፤ አንድም አልገዙም። ሠራተኛው ከቆጠራው ወጥቶ ነበር? አዎ፣ ሁሉም፣ ባለቤቱ ሳይቀር። ስህተት ፈለገች፣ አጣች። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ በወጉ ሠርቷል።

«የተሸጠው እኮ በእኔ ጽሑፍ ነው» አለችው በመጨረሻ።

«አዎ» አላት፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። «እሱን አልነካነውም። አንድ ነገር ብቻ ነው የለወጥነው።»