ያልተቀመሰ ሾርባ

እናቴ አረጋሽ ሊዝበን ድረስ ሄዳ ተርባ የተመለሰች ሴት ናት። ከተማው ምግብ አጥቶ አይደለም፤ እኔ ሱሪዬ እስኪጠበኝ በልቼ ነው የመጣሁት። እሷን ያስራባት ይሉኝታዋ ነው።

የሄድነው ለወንድሜ ለኤልቃና ስንል ነው። ኤልቃና እዚህ አትላንታ ለትምህርት የመጣች ኢነስ የምትባል የሊዝበን ልጅ ወድዶ ቀለበት አሰረላት። ሳቂታና ጨዋ ልጅ ናት፤ ከኛ ጋር ውላ አድራ አማርኛም ለምዳለች። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ተናግራለች። ያሳደጓት እናቷ ብቻቸውን ስለሆኑ ያለ እሳቸው ምርቃት አታገባም። ስለዚህ ባለፈው ሰኔ እኔና እናቴ ከሁለቱ ጋር ተያይዘን ሊዝበን ገባን።

የኢነስ እናት ኦዴት ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ሠርተዋል፤ እንግሊዝኛቸው እንደ እናቴ ሰባራ ነው፣ ግን ያግባባል። ከተማቸውን የሚያሳዩት በምግብ ነው። እኔ ስለ ቤተ መንግሥት ስጠይቃቸው «ድንጋይ ነው፣ የትም አይሄድም፤ ዓሣው ግን ይቀዘቅዛል» ብለው እጄን ይዘው ጎተቱኝ። ወደድኳቸው።

አልፋማ የሚባለው ሰፈራቸው ደረጃው ጉልበት ይፈታል። በየደረጃው ጥግ አራት ጠረጴዛ የማትይዝ ምግብ ቤት አለች፤ ባለቤቶቹ ሁሉ ኦዴትን በስማቸው ይጠራሉ። ጎረቤቶቻቸው መንገድ ላይ ከሰል አቀጣጥለው ሰርዲን ይጠብሳሉ፤ ዓሣው ዳቦ ላይ ይጋደምና ቅባቱ ዳቦው ውስጥ ይሰርጋል። እኔ ዓሣውን ጨርሼ ዳቦውን ስገምጥ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨው ውስጥ ተቀብሮ የደረቀ ዓሣ ከድንችና ከእንቁላል ጋር ሲሠራ እንደዚያ ይጣፍጣል ብሎ ማን ያስባል? ከምድጃ የወጣ፣ የእንቁላል ክሬም የተሞላ ትንሽ ኬክ ቀረፋ ነስንሰው ሰጡኝ። የእናቴንም ድርሻ የበላሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱም እናቴ እምቢ ብላለች።

በኛ ቤት ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ጋባዡ ይህን እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጥረው። «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «እውነቴን ነው» ይላል። ደግሞ ይለመናል። ከዚያ «እሺ፣ ለመቅመስ ያህል» ይልና ሳህኑን ባዶ ያደርገዋል። ሳይለመን እጁን የሰደደ ሰው በእናቴ ዓይን ያላደገ ሰው ነው፤ እኔን ጨምሮ።

ኦዴት «ትበያለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እናቴ «ኖ ታንክዩ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች። ኦዴት «ኦኬ» ይላሉ። አለቀ። አንዱ ምግብ ቤት ገና እንደተቀመጥን ሳናዝ ዳቦና የወይራ ፍሬ አመጡልን፤ እናቴ «ኖ ታንክዩ» ብላ ልመናውን ስትጠብቅ አስተናጋጁ የፊቷን አነሳው። ዳቦው ሲሄድ በዓይኗ ሸኘችው። በትንሽ ብርጭቆ የቼሪ አረቄ ሲቀርብላትም እምቢ አለች። ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥ ስለማይፈቅድ ከልቧ እምቢ ያለችው እሱን ብቻ ነበር፤ ግን የትኛው እምቢታ የልብ እንደሆነ ኦዴት በምን ይወቁ?

በመጨረሻው ቀን ቤታቸው ወሰዱን። ድንችና እንደ ክር የቀጠነ ጎመን ያለበት ሾርባ ሠርተው ነበር፣ የእናታቸውን አሠራር። እናቴ እንፋሎቱ ፊቷን እየገረፋት «ጠግቤያለሁ» አለች። ኦዴት ሳህኑን አንስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሆቴላችን ስንገባ እናቴ ሻንጣዋን ከፍታ ከሰፈራችን ከኖርክሮስ ይዛ የመጣችውን ዳቦ ቆሎ ቆረጠመች። አንጀቴን በላችው፣ ግን ሳቄም መጣ።

ከተመለስን በኋላ ሳቁ ቀረ። ኦዴት ለልጃቸው በስልክ «ሾርባዬን መቅመስ የተጠየፈች ሴት አንቺን ልትወድ አትችልም፤ እኔም አልመርቅም» አሏት። እናቴ በበኩሏ «‹ብላ› የሚል ሰው ለሌለበት ቤት ነው ልጄን የምሰጠው?» ትላለች። ኢነስ ቀለበቷን አላወለቀችም፣ ግን የሠርግ ወሬ ሲነሳ ወደ ሌላ ጨዋታ መዞር ጀመረች። ኤልቃና ከሳ። እኔ ሁለቱንም እናቶች ላንቃቸው እፈልግ ነበር።

በታኅሣሥ ኦዴት ለኢነስ የትምህርት ምረቃ አትላንታ መጡ፤ እኛ ቤት እራት ተጠሩ። ይህን ዕድል ይሉኝታ እንዳያበላሽብን ብዬ እናቴን ቁጭ አድርጌ አስጠናኋት። ፈረንጅ አይለመንም፤ አይ ካለ አይ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠይቂና ዝም በይ አልኳት። «ሥራ ቦታ እንደማደርገው?» አለች። ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ባለ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ እዚያ ሰው አልበላም ካለ ትሪው ይነሳል። ልክ እንደዚያ አልኳት።

የእራቱ ዕለት ዶሮ ወጡ፣ አይቡ፣ ሁሉም ተደረደረ። መሀል ላይ ግን ክዳኑን እንዳልነካ የከለከለችኝ ድስት ነበር። እሱን ለመሥራት ጎመን ፍለጋ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ድረስ ነድታለች።

ጸሎት ተደረገ። እናቴ «ይበላሉ?» አለቻቸው።

«ኖ ታንክዩ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ ኦዴት።

እናቴ ወደ እኔ አየት አድርጋ «ኦኬ» አለች። በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ውኃ ላመጣ ጓዳ ስገባ ኤልቃና ተከትሎኝ መጣ።

«እማዬ ለምን አትለምናቸውም?» አለኝ።

«ኮች አድርጌያት ነዋ! አሪፍ አይደለች?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ እሱ ያንን የሊዝበን ነገር ለኦዴት ሲያስረዳ ከርሟል። እኛ ጋ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ «በሞቴ» ይባላል፣ ያኔ ይበላል ብሏቸዋል። እሳቸውም «ልጅ ለእናቱ ሰበብ አያጣም። እኔም እምቢ እላለሁ፤ እናትህ ከለመነችኝ አምንሃለሁ፤ ካልለመነችኝ ግን መልሴን አገኘሁ ማለት ነው» ብለውታል። ለእማዬ ማንም እንዳይነግራት ደግሞ እሱና ኢነስ ቃል ገብተዋል። ሄጄ ልንገራት ስል ክንዴን ያዘኝ። «ኢነስ አማርኛ ትሰማለች። ነግረናት እንደሆነ እናቷ ቢጠይቋት አትዋሽም» አለኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማድረግ የቻልኩት በጠረጴዛው ሥር የእናቴን እግር መርገጥ ብቻ ነው። «ዝም ብያለሁ እኮ!» አለችኝ በአማርኛ። ኦዴት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ባዶ ሳህናቸውን ያያሉ። ኢነስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ። ጠረጴዛው ሙሉ ሆኖ የሚበላ ጠፋ።

እናቴ ናፕኪኗን ስታሽ ቆየችና ድንገት ተነሳች።

«ማርታ፣ ሥራ ቦታ ያሉት ታማሚዎቼ ናቸው» አለችኝ። «እኚህ እንግዳዬ ናቸው።»

የድስቱን ክዳን ከፈተች። በጭልፋ ቀድታ ሳህኑን ኦዴት ፊት አስቀመጠችና፣ በእንግሊዝኛ የሚሆነው ቃል ቢጠፋት፣ በአማርኛ «በሞቴ። በሞቴ፣ ይቅመሱልኝ» አለች።

ኦዴት ወደ ኢነስ ዞሩ። ኢነስ እያለቀሰች፣ ማንም አልነገራትም ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከዚያ ኦዴት ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ። ድንች፣ እንደ ክር የቀጠነ ጎመን።

«ይሄ የኔ ሾርባ ነው» አሉ። «አልቀመስሽውም እኮ።»

«አሽትቼው ነበር» አለች እናቴ። ቀጥላም፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ለባዕድ ሰው ስትናገረው ሰምቼ የማላውቀውን ተናገረች። «ርቦኝ ነበር።»

ኦዴት ቀመሱ። ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል፣ ጎመኑም ከዚህ ሊቀጥን ይገባው ነበር አሉ፤ እንዲህ እየነቀፉ ሳህኑን ጨረሱት። ከዚያ ተነስተው ጭልፋውን ከእናቴ እጅ ተቀበሉና በሌላ ሳህን ቀድተው ፊቷ አኖሩላት።

እናቴ ልማዷ ነውና «አይ፣ እኔ እንኳ...» ብላ ጀመረች።

«በሞቴ» አሉ ኦዴት፣ አንደበታቸው እየተኮላተፈ።

እናቴ አፏን ዘጋች። ማንኪያውን አነሳች። እስክትጨርስ ቀናም አላለች። ሲያልቅ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኦዴት ዘረጋችና፣ ማንም ሳይለምናት፣ «ካለ ይጨምሩልኝ» አለች።