የጠበቃ ዋቅወያ እርቅ

ጠበቃ ዋቅወያ ሞረዳ ከድሀ ገንዘብ አይቀበልም ነበር። ጠዋት ጠዋት ነቀምቴ ገበያ ጀርባ ባለው ቢሮው በር ላይ የሚሰለፉት ጭሰኞች ማርና ዶሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ዶሮውን ይመልሳል፣ ማሩን ተቀብሎ ለሆስፒታሉ በሽተኞች ይልካል። ለጉቴ መንደር ሴቶች ምንጭ አስገንብቷል። እስር ቤት ሳሙና የሚያስገባውም እሱ ነው። ሚስቱ የሺወርቅ፣ "እኔም ጭሰኛ ብሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት አይህ ነበር" እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ግን ኮቱን ደርቦ እየወጣ ስለሆነ ቀልዱን እስከ መጨረሻው ሰምቶት አያውቅም።

አሠራሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የድብደባም ሆነ የድንበር ጠብ ሲመጣለት መጀመሪያ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ባላጋራዎቹ ከታረቁ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዞ ችሎት ይቀርባል፤ እነሱም "ታርቀዋል" ይላሉ፤ አሮጌው ዳኛ መዝገቡን ይዘጋሉ። በነፍስ ግድያ ጉዳይ እንኳ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎ ገዳዮቹ በጥቂት ዓመት እስራት ተገላግለዋል።

ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ዲጋ አጠገብ ያሠራውን ትምህርት ቤት ነበር። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት መንደሮች በጋራ እንዲጠቀሙበት ብሎ መካከላቸው ላይ አሠራው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን ከወዲህ ማዶ ባቻ የሚባል ጎረምሳ በግጦሽ ጠብ ከወዲያ ማዶ ያለውን ታፋን ገድሎ ጫካ ገባ። የታፋ ዘመዶች ጦራቸውን ይዘው መንገድ ላይ ተቀመጡ። ከሁለቱም መንደር ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ የሚልክ ጠፋ። የትምህርት ሹሙ፣ "እስከ መስከረም ተማሪ ካልገባ አስተማሪዎቹን ለሌላ ቦታ እሰጣለሁ" ብሎ ቁርጡን ነገረው።

ዋቅወያ የባቻን እናት ድርቤን ሊያነጋግር ዲጋ ሄደ። ድርቤ ባሏ የሞተባት፣ ከባቻ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ነበረች። ልጇ የት እንዳለ ታውቃለች።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ ድርቤ?"

"እንዴት እሆናለሁ፣ ኦቦ ዋቅወያ? ተቀመጡ።"

"ልጁን ለጉማ፣ ለደም እርቁ፣ እናስቀምጠው። ይታረቅ። ከዚያ እኔ ራሴ እጁን ይዤ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ።"

"በቤጊ በኩል ሱዳን ሊሻገር ነው። ወንድሜ መንገዱን ያውቀዋል።"

"ሱዳን ገብቶስ? እዚህ እርስዎን ይገድሉዎታል። ወንድምዎን ይገድላሉ። ዳኛውን አውቃቸዋለሁ፤ የታረቀ ሰው ላይ አይጨክኑም። ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል፤ ሚስት አግብቶ የልጅ ልጅ ያሳይዎታል።"

"እርስዎ ካሉ" አለች ድርቤ። "እርስዎ ለድሀ ዋሽተው አያውቁም።"

በዚያው ሳምንት፣ ወደ ዲጋ ከመሄዱ በፊት፣ የችሎቱ ጸሐፊ አንድ ነገር ነግሮት ነበር። አሮጌው ዳኛ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውረዋል፤ ከአዲስ አበባ የተተኩት አዲሱ ዳኛ በነፍስ ግድያ ላይ የሽማግሌ እርቅ አይቀበሉም። ዋቅወያ ይህን በሚገባ መዘነው። አድፍጦ የገደለ እንደሆነ ሕጉ እስከ ስቅላት እንደሚሄድ ያውቃል። ባቻ ሱዳን ከገባ ጉማ እንደማይኖር፣ ጉማ ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በመስከረም እንደሚዘጋ ያውቃል። ዳኛ ሰው ነው፣ ይለሰልሳል ብሎ ራሱን አሳመነ። የሰማውን ለድርቤ አልነገራትም።

ጉማው በወንዙ ዳር ተደረገ። ሁለቱ ወገኖች በወዲህና በወዲያ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ መካከል ላይ ናቸው፤ አለቃቸው ኦቦ ጃራ ነው። በጉማ ገዳይ የሠራውን አንድም ሳይደብቅ ይናገራል፤ የተደበቀ ነገር ካለ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ሽማግሌውም በዚያ የሰማውን ከዚያ በኋላ ሊክድ አይችልም፤ ከካደ ደሙ በቤቱ ላይ ይመጣል ብለው ያምናሉ።

"የት ገደልከው?" አለ ጃራ።

"መሻገሪያው ላይ።"

"እንዴት አገኘኸው?"

"ጠበቅሁት። ቡናው ውስጥ ተኝቼ ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅሁት።"

"ከፊት ነው ከኋላ?"

ባቻ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ተናገር ማለቷ ነው።

"ከኋላ። በመጥረቢያ።"

ዋቅወያ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ ሰማ። አድፍጦ፣ ከኋላ፣ በመጥረቢያ፤ ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቷል። በዚያች ሰዓት ልጁን በቡናው መካከል ወደ ጫካው ሊመልሰው ይችል ነበር። በጉ ግን ታረደ፤ ሁለቱ ወገኖች እጃቸውን በአንድ ውሃ ታጠቡ፣ አብረው በሉ። የታፋ አባት ገቢሳ ባቻን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያም ወደ ዋቅወያ መጥቶ፣ "ልጆቹ ሰኞ ይገባሉ" አለው። ዋቅወያም ባቻን ጭነት መኪና ላይ ጎኑ አስቀምጦ ነቀምቴ ወሰደና አስረከበ። በመንገድ ላይ ባቻ መኪና ሲሳፈር የመጀመሪያው ስለነበር በዛፎቹ ሩጫ ይስቅ ነበር።

ችሎት የቀረቡ ቀን ዋቅወያ ሽማግሌዎቹን ይዞ ገባ። እርቁን ካላሳየ ምሕረት የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ እርቁን ለማሳየት ደግሞ ያለ እነሱ አይሆንም። ጃራ ታርቀዋል ብሎ ይወርዳል ብሎ አስቦ ነበር። ጃራም በኦሮምኛ እንዲሁ አለ፣ አስተርጓሚው በአማርኛ መለሰው። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

"አባቴ፣ የታረቁት በምን ነገር ነው?"

"በታፋ ደም።"

"ደሙን ማን አፈሰሰው? ገዳዩ እርቁ ላይ ምን ብሎ ተናገረ?"

ዋቅወያ ዘሎ ተነሣ። "ክቡር ዳኛ፣ በእርቅ የተነገረ ነገር..."

"ምስክሩን ያመጡት እርስዎ ነዎት" አሉ ዳኛው። "ይቀመጡ።"

ጃራ ወደ ዋቅወያ ተመለከተ፤ ምን ልበል የሚል አተያይ ነበር። ዋቅወያ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ሽማግሌው ሁሉን ተናገረ፤ ቡናውን፣ ከጠዋት ጀምሮ መጠበቁን፣ ኋላውን፣ መጥረቢያውን። አስተርጓሚው ጎበዝ ነበር፤ አንዲት ቃል አልጣለም።

"ስንት መንደር ዞሬ ያጣሁትን ምስክር" አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ "ጠበቃው ራሱ በመኪና ጭኖ አመጣልኝ!" አዳራሹ ሳቀ። ባቻም ሰው ሲስቅ አይቶ ፈገግ አለ፤ አማርኛ አያውቅም።

ገቢሳ ከተመልካች መካከል ተነሣ። "ልጁ የኔ ነው፤ ታርቄያለሁ! አቅፌዋለሁ! የኔን ደም እናንተ ለምን ትጠይቃላችሁ?"

"ሬሳው የአንተ ነው፤ ወንጀሉ ግን የመንግሥት ነው" አሉ ዳኛው። ሁለት ዘበኞች ገቢሳን ወደ ውጭ ጎተቱት።

ባቻ ስቅላት ተፈረደበት። ዋቅወያ ይግባኝ አለ፤ አልተሳካም። ፍርዱ ከላይ ጸድቆ መጣ፤ ባቻም በገበያ ቀን በነቀምቴ ገበያ ተሰቀለ። ጨው ሻጮቹ ዕቃቸውን ጥቂት ፈቀቅ አድርገው ገበያቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ቀን ድርቤ ወደ ዋቅወያ ቢሮ መጣች። በር ላይ የተሰለፉት ማን እንደሆነች ስላወቁ መንገድ ለቀቁላት። ወንበር ላይ አልተቀመጠችም።

"ሬሳውን ያለ ማመልከቻ አንሰጥም አሉኝ። በአማርኛ የተጻፈ።"

ዋቅወያ ወረቀት አወጣ።

"አሮጌው ዳኛ አይጨክንም ብለኸኝ ነበር" አለች። "መሄዱን መቼ ሰማህ?"

በኋላ ነው የሰማሁት ማለት ይችል ነበር። ጸሐፊው ተዛውሯል፤ የሚመሰክርበት ሰው የለም።

"ቤትዎ ከመምጣቴ በፊት።"

"ትምህርት ቤቱ ተከፈተ?"

"ተከፈተ።"

"የገቢሳ ልጆች ይማራሉ?"

"ከሁለቱም መንደር ይማራሉ።"

ድርቤ ራሷን ነቀነቀች። "ጻፍ።"

ጻፈ። ሲጨርስ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ አነበበላት፦ አመልካች ወይዘሮ ድርቤ፣ በሕግ የተቀጣው ነፍሰ ገዳይ ባቻ ሬሳ እንዲሰጣቸው...

"ነፍሰ ገዳይ የሚለውን አውጣው።"

"እሱ ከሌለ አይቀበሉም፣ አዴ ድርቤ። በመዝገባቸው ላይ እንዲህ ነው የሚታወቀው።"

ከገበያው የሰው ጫጫታ ይሰማል። ፀሐዩ ጠንክሯል። ድርቤ በመስኮቱ በኩል ወደዚያ አየች፤ ሬሳው እየቆየ ነው።

"የት ላይ ልፈርም?" አለች።

የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ ሊረዳት እጇን ሊይዝ ሲል እጇን ነጠቀችው። አውራ ጣቷን ራሷ ቀለሙ ውስጥ ነክራ፣ ከልጇ ስም በታች አጥብቃ ተጫነች።