«የገብረኪዳን ቤት»

ጣሊያን መዘዞ ከገባ ወዲህ ደግነት አብዝቶ ነበር። ጎተራ ያቃጥላል፣ ከዚያ የገብስ ዘር ያድላል። እንግዲህ ይኼን ምን ይሉታል! ዘሩም «ገብቻለሁ» ብሎ ለተንበረከከ ብቻ ነው። የወሰደ ሁሉ ስሙ ቅዳሜ ገበያ ላይ በአስተርጓሚው አፍ ይነበባል፤ ቸርነቱ እንዲታወቅ፣ ያልገባውም እንዲጎመጅ።

የእናናየሁ ባል ዱር ከገባ መንፈቅ ሆኖታል፤ ጣሊያን ግን መሸፈቱን ገና አላወቀም። ማሳው ጦም እንዳያድር ብላ ዘር ሊቀበሉ ከቆሙት ኋላ ተሰለፈች። አስተርጓሚው ቀና ሳይል «የማን ቤት ነሽ?» አላት።

አይ ልማድ! ባለትዳር ሴት ይኼን ስትጠየቅ ምን ትላለች? እናቷም አያቷም ያሉትን ነዋ። «የገብረኪዳን ቤት» አለች፣ ኮራ ብላ። ሦስት ቁና ሰፈሩላት። ዘራችው፤ ዝናቡም አላሳፈራት፣ ገብሱ በቀለ።

አንድ ቅዳሜ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጥታ ሳለ አስተርጓሚው ድንጋይ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ወልደአረጋይ፣ ሁለት ቁና። ገብረኪዳን፣ ሦስት ቁና።»

ጨው ሻጩ ሰፍሮ የያዘላትን መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ገለበጠው። እናናየሁ ጨው ሳትይዝ ወደ ቤቷ ገሠገሠች። ወሬው ዛሬውኑ ዱር ይደርሳል፦ ገብረኪዳን ተደብቆ ለጣሊያን ገብቷል፣ ዘርም በልቷል ይባላል። ጓዶቹ ባንዳን ምን እንደሚያደርጉት ደግሞ ታውቃለች።

በማግስቱ እሳት ልትጭር ጎረቤቷ ይመኙሻል ዘንድ ብትሄድ፣ ይመኙሻል በሩን በፊቷ ዘጋችው። ስትወልድ ገንፎ ያገነፋችላት እኮ እናናየሁ ነበረች! ቤቷ ተመልሳ በቀዘቀዘው ምድጃ ፊት ብቻዋን አለቀሰች። ማንን ታማክር? ብትናገር ቤቷ ይነዳል። ዝም ብትል ባሏ ይሞታል። ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ በቀር ያናገራት አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝርዝሩ ደግሞ ሲነበብ፣ የባሏ ስም ላይ ሲደርስ ከሰው መሀል ወጣች።

«ውሸት ነው! ገብረኪዳን አልገባም! ያለው ዱር ነው! ዘሩን የወሰድኩት እኔ እናናየሁ ነኝ፤ የኔን ስም ጻፉ!»

ገበያው ተተረማመሰ፤ በግርግሩ አመለጠች። ሳይመሽ ጎጆዋ ነደደ። መንደርተኛው ሁሉ ጭሱን አየ፤ «ነይ ግቢ» ያላት ግን የለም። የሽፍታ ሚስት ያስጠጋ የራሱም ቤት ይነዳበታላ! ከማሳዋ በላይ ያለች ዋሻ ውስጥ ገባች። ብርዱን ተዉት፤ የከፋባት ብቸኝነቱ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ይመኙሻል ቆሎ ቋጥራ መጣች። ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም።

«ከዱር መልእክተኛ መጥቶ ነበር» አለች። «ባልሽን ጓዶቹ ጠመንጃውን ነጥቀው አስረውት ኖሯል። የገበያውን ሲሰሙ ፈቱት። ጠመንጃውንም መለሱለት።»

«ተመስገን!» እናናየሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔንስ አላነሳኝም?» አለች።

«አንስቶሻል እንጂ። ቤቱ መቃጠሉን ሰምቷል። ‹ታዲያ ማን ቤት ገባች?› ብሎ ልኮብናል።»

«ለመልእክተኛው ምን አላችሁት?»

ይመኙሻል ቆሎውን ከእግሯ ሥር አስቀመጠች።

«ዝም አልን» አለች።