ከመስኮቱ በታች ያለችው ቀዳዳ

ጂንካ ላይ ሳምንት ሙሉ ሳያባራ በዘነበበት ሰሞን ባለቤቴ ሰብለ ከአርባ ምንጭ መቶ ጫጩት በካርቶን ይዛ በአውቶቡስ መጣች። ገና አንድ ቀናቸው ነው። እናት የላቸውም፤ ሙቀት ካላገኙ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል፣ ከታች ያለው ታፍኖ ይሞታል። ባለፈው ዓመት በከሰል ስናሞቃቸው ጭሱ ስልሳውን ፈጀብን። ሰብለ ያን ቀን አልበላችም።

ስለዚህ ዘንድሮ በካምፐሩ ውስጥ እናሳድጋቸው አልኩ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ይህን ያዙልኝ ልጆቼ።

ካምፐር የምላችሁ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው የፈረንጅ መኪና ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ የቱርሚ መንገድ አክስሉን ሲሰብርበት ለእኛ ሸጦ ሄደ። አሁን ጎማ የለውም፤ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ አለው። ሚያዝያ ላይ ለኩሰነው ሸሚዝ አስወልቆናል።

ጫጩቶቹ በመጡበት ቀን ከሰዓት በኋላ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ጮኸ። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ደግሞ ዝም።

ፍሪጅ የሚጠግነውን ሉቃስን ጠራነው። ጎረቤታችን ነው፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። መጀመሪያ ምድጃውን ለኮሰ። ሰማያዊ እሳት ወጣ።

«ጋዝ አለ» አለ።

ማራገቢያውን ሰማ። «ባትሪውም ደህና ነው።»

የማሞቂያውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታና ጎንበስ ብሎ አየ። «ብልጭታም አለ። አባ ለማ፣ ሚያዝያ ላይ ሠርቷል አላሉም?»

«ሠርቷል።»

«ከዚያ ወዲህ የነካው ሰው አለ?»

«ማሞቂያውን የነካ የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ማሞቂያውን አልነካሁም።

ሉቃስ አገጩን አሻሸ። «ጋዝ ካለ፣ ብልጭታ ካለ፣ የቀረው አየር ነው። አየር የሚስብበት፣ ጭሱንም የሚያወጣበት ቀዳዳ በውጭ በኩል ይኖረዋል።» ብሎ ዝናብ ውስጥ ወጣ።

እኔ እዚያው ቆምኩ። ቀዳዳዋን አውቃታለሁ። ዝናቡ ሳይጀምር ካምፐሩን ለጫጩቶቹ ሳዘጋጅ ከመስኮቱ በታች አገኘኋት፤ እጅ ታስገባለች። አባቴ ባኮ በኩል ቤቱን ለክረምት ሲያዘጋጅ ንፋስ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ አይተውም ነበር፤ በጭቃና በእበት ይለስናታል። እኔም ከእሱ ነው የተማርኩት። ሙቀቱ እንዳይባክን ብዬ ለሰንኳት። ሲደርቅ ነጭ ቀለም ቀባሁት፣ ከመኪናው ጋር አንድ እስኪሆን።

ሉቃስ ካምፐሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። «ቀዳዳ የለውም እኮ» አለ በመስኮቱ በኩል። «ያለ ቀዳዳ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ምናልባት ሙሉውን ማውረድ ሊያስፈልግ ነው። ነገ ጠዋት መሣሪያ ይዤ ልምጣ።»

ሰብለ ካርቶኑን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ቅድም ይጮኹ ነበር፤ አሁን ድምፃቸው እያነሰ ነው። እጇን ከክምሩ በታች አስገብታ አንዱን አወጣችና በመዳፏ ሸፍና ትንፋሿን ሰጠችው። ወደ እኔ አላየችም።

«ሉቃስ» አልኩ፣ «ከመስኮቱ በታች አንድ ክንድ ያህል ወርደህ አንኳኳ።»

አንኳኳ። ቆርቆሮ አይደለም፣ እንደ ቤት ግድግዳ ነው የተሰማው። በካቻቢቴው ጫረው፤ ከነጩ ሥር ጭቃ ታየ። በጣቱ ዳሰሰው።

«የለሰነው ሰው እጁ ጥሩ ነው» አለ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ሰብለ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

ልስኑ ጥሩ ስለነበር ለማፍረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። እኔ እየቦረቦርኩ፣ ሉቃስ እያስወጣ። «እንኳንም አልነደደ፤ ቢነድ ኖሮ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ እንዳምናው ይሆን ነበር» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። የልጁን ጨዋነት እዩ።

ከዚያ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ጮኸ፣ ቀጭ አለ፣ ሁለተኛው ላይ እሳቱ ሲይዝ ሰማነው። ካርቶኑን ከሙቀቱ ፊት አደረግነው። ክምሩ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ፣ ወዲያ ወዲህ መጮህ ጀመሩ። ሰብለ በመዳፏ የያዘችው የመጨረሻው ነበር። እሱም አንዴ ወድቆ ተነሳና ወደ ጓደኞቹ ሄደ። ቆጠረቻቸው፤ መቶ ናቸው።

«ለማ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ሌላ የደፈንከው ቀዳዳ አለ?»

አሰብኩ። ለማሰብ እንኳን አያስፈልግም ነበር። «ጣሪያው ላይ አንድ አለ። የመተንፈሻው።»

«እሱንም እንዲሁ አሳምረህ ነው?»

«ከዚህኛው ይበልጥ።»

ካቻቢቴውን ከሉቃስ ተቀብላ ሰጠችኝ። «ና፣ መሰላሉን ልያዝልህ» አለች።