ጋሽ እርማት የቀባው ጥግ

የራሴ አሳሳል የለኝም። ሰው ሥራሽን አይቶ «ይሄማ የእሷ ነው» የሚልልሽ ነገር አለ አይደል? አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ ያጣሁት እሱን ነው። ጥፋቱ የጋሽ እርማት ነው፤ እኔም አለሁበት።

ስሙን ያወጣንለት እኛ ተማሪዎቹ ነን። ሌላው መምህር በአፉ ያርማል፣ እሱ በብሩሽ ነው የሚያርመው። ከኋላሽ ይመጣል፣ ብሩሹን ከእጅሽ ይወስዳል፣ ሸራሽን ነካ ነካ ያደርግና «ገባሽ?» ብሎ ይሄዳል። ማን ደፍሮ አልገባኝም ይለዋል? ስድሳ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፣ በስሙ ግን አንድም ኤግዚቢሽን አሳይቶ አያውቅም። እኔን ደግሞ ይወደኛል፤ ስለዚህ ከሁሉም አብልጦ የኔን ያርማል። መከራዬን ነው ያየሁት።

ለምረቃ ያቀረብኩት ሥዕል እናቴን የልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የሚያሳይ ነው። እናቴንም፣ መኪናውንም፣ መስኮቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ከታች በቀኝ ጥግ ወለሉ ላይ የተበተነው ቁርጥራጭ ጨርቅ ግን የእሱ ነው፤ «ይሄ ሞቶብሻል» ብሎ በሩብ ሰዓት ቀብቶት ሄደ።

በፈተናው ቀን ከውጭ አንዲት ገምጋሚ መጣች፤ የልጆች መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት የሥዕል ኃላፊ ናት። ለአንዳችን ሥራ እንደምትሰጥ ሁላችንም ሰምተናል። እኔማ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ነው የሰነበትኩት። ሥዕሌ ፊት ስትደርስ እናቴን ዝም ብላ አለፈቻት፣ ከዚያ ወደ ጥጉ ጎንበስ አለች።

«ሌላው ደህና ነው» አለች። «ይሄ ጨርቅ ግን መተንፈስ ብቻ ነው የቀረው። እኔ የምፈልገው እንዲህ የሚቀባ ሰው ነው።»

ጋሽ እርማት አጠገቧ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። እኔው ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጎበዝ ናት» አለ።

የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ አልጋ ሥር የተደበቀች ድመት መሳል ነበር። ሦስት ቀን ሳልኩ፣ ሦስት ቀን ቀደድኩ። ረቡዕ ኃላፊዋ መጥታ አየችና «ያቺ ጨርቁን የቀባችው ልጅ የት ሄደች?» አለችኝ። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠችኝ። ካልሆነ መሰነባበታችን ነው። እናቴ ደግሞ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣው ሁሉ ልጄ ሠዓሊ ሆነችልኝ እያለች ታወራለች። ወዴት ልግባ?

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ እርማት ቤት ሄድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ጠረጴዛው ተወልውሏል፣ ብሩሾቹ ታጥበው ተደርድረዋል።

«ዘገየሽ» አለኝ። «ከሰኞ ጀምሮ እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ መሆኑን ልነግራት ነው» አልኩት።

አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝ።

«ንገሪያት። አንቺን ታባርርሻለች። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ማናችን ተጠቀምን?»

እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም፤ አንጀቴንም የበላው ያን ቀን ነው። ለድመቷ የያዝኩትን ባዶ ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

ድመቷን እዚያው እያየሁት ሠራት። ዓይኗን ብቻ ከአልጋው ሥር አወጣና የቀረውን ለጨለማው ተወው። እኔ በሦስት ቀን ያላሰብኩትን ማለት ነው። እንባዬ መጣ፤ በጣም ነው የምታምረው። እሱ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና እስክሪብቶ አቀበለኝ።

«ስምሽን ጻፊበት» አለኝ።

ጻፍኩ። የሚቀጥለው ሥዕል ለመቼ እንደሚፈለግ ጠየቀኝ።